የተለጠፈው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ

መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ አስቀድሞ የሚያሰላው የመጓጓዣውን፣ የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ ነው። የመጓጓዣው ዋጋ ብዙውን ጊዜ በታሪፍ የታወቀ ነው። ምግቡንም ቢሆን ኪሱ በፈቀደለት መጠን ሊያሳንሰው፣ አለዚያም ከቤቱ በቋጠረው ስንቅ ሊያሳልፈው ይችላል። ማደሪያው ግን እንዲህ አይደለም። መሽቶበት በማያውቀው ከተማ የወረደ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ከበር ወደ በር እየዞረ የሚከራከርበት ጊዜም ጉልበትም የለውም። በሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አይቶ፣ አምኖ ይገባል። አድሮ ጠዋት ሒሳብ ሲጠየቅ ግን በሰሌዳው ላይ ያላየው ገንዘብ፣ አንዱ በአገልግሎት ስም፣ ሌላው በጄኔሬተር ስም፣ ሦስተኛው በታክስ ስም ተደርቦ ይጠብቀዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ተደራቢ ሒሳብ ነው። ነገሩ ሲያዩት ተራ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በገዳሪፍ፣ በገላባት፣ በመተማና በጎንደር መሥመር ለሚመላለሰው ነጋዴ፣ ሾፌር፣ የቀን ሠራተኛ፣ ወታደርና ታማሚ ቆጥሮ የያዘው ገንዘብ ካሰበበት ያደርሰዋል ወይስ ከመንገድ ያስቀረዋል የሚለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይኸው ተራ የሚመስለው ነገር ነው።

ገዳሪፍ የምሥራቅ ሱዳን የእህል ጎተራ ናት። ጥቁር አፈርዋ ለማሽላና ለሰሊጥ የተመቸ በመሆኑ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ በዚሁ አካባቢ አስጀመሩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከተማዋ የሰሊጥና የማሽላ ገበያ እየሆነች ሄደች። ከካርቱም ተነሥቶ በከሰላ በኩል ወደ ፖርት ሱዳን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ያቋርጣታል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ ከ150 ኪሎ ሜትር የማያንስ ርቀት ተጉዞ ገላባት ላይ ይቆማል፤ ትንሿን ድልድይ የተሻገረ ሰው መተማ ዮሐንስ ገባ ማለት ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከኢትዮጵያ እየተሻገሩ በእርሻው የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት ይህንኑ መንገድ ሲረግጡ ኖረዋል። እነርሱ በአብዛኛው የሚያድሩት በእርሻው ዳር ስለሆነ የሆቴል ሒሳብ አይነካቸውም። ገንዘባቸውን ይዘው ሲመለሱ ከተማ ውስጥ የሚያድሩባት አንዲት ወይም ሁለት ሌሊት ግን የወር ድካማቸው የሚመነዘርባት ሌሊት ናት።

በሱዳን ከተሞች ዝቅተኛው ማደሪያ ሎካንዳ ይባላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው። ይኸው ቃል ወደ እኛ አገር ሲገባ ሉካንዳ ተብሎ ሥጋ ቤት ሆኖ ቀረ። ከጎንደር የመጣ ሰው ገዳሪፍ ላይ ሎካንዳ ሲባል ሰምቶ ጥብስ ሊያዝ ቢገባ አይፈረድበትም፤ ጠዋት ሒሳቡን ሲያይ ደግሞ የታረደው ራሱ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ቢጠረጥር አሁንም አይፈረድበትም።

የሎካንዳ ዋጋ የሚነገረው በክፍል ሳይሆን በአልጋ ነው። በአንድ ክፍል ወይም በግቢው ውስጥ፣ ሱዳኖች አንገረብ የሚሉት በገመድ የተታታ አልጋ ሦስትም አራትም ሆኖ ይደረደራል። እንግዳው አንዱን አልጋ ይከራያል፤ በቀሩት ላይ የማያውቃቸው ሰዎች ይተኛሉ። ሥርዓቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ግልጽና ርካሽ ነው። ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ግን፣ በተለይም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የመጣ ሰው፣ የተነገረው ዋጋ የክፍሉ መስሎት ይገባና በሩን ዘግቶ ብቻውን ለማደር ከፈለገ የአራቱንም አልጋ ዋጋ እንዲከፍል ይጠየቃል። ባለ ሎካንዳው አልዋሸም። እንግዳውም የተታለለ መስሎ ቢሰማው ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ዋጋው በምን እንደሚለካ አለመነገሩ ነው።

በዚህ ላይ የውጭ አገር ሰው የሆነ እንግዳ ሌላም ሒሳብ ነበረበት። ከጦርነቱ በፊት በነበረው ሥርዓት ወደ ሱዳን የገባ የውጭ ዜጋ በ3 ቀን ውስጥ ለፖሊስ ቀርቦ እንዲመዘገብ ይገደድ ነበር፤ ለምዝገባውም ይከፍላል። ሆቴሎች ይህንኑ እኛ እናስፈጽምልሃለን በማለት የራሳቸውን ድካም ዋጋ ሲጨምሩበት፣ እንግዳው ከሚከፍለው ውስጥ የመንግሥቱ ስንቱ፣ የሆቴሉ ስንቱ እንደሆነ ለይቶ የማወቅ ዕድሉ ጠባብ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን የምንዛሪው ነገር ነው። ሱዳን ለረጅም ዓመታት በውጭ አገር ባንክ ካርድ የማይከፈልባት አገር ነበረች፤ መንገደኛ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ መግባት ነበረበት። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መካከል የአንድ ዶላር ይፋዊ ምንዛሪ 55 የሱዳን ፓውንድ ሲሆን በጥቁር ገበያ ግን 350 ደርሶ ነበር። መንግሥት በየካቲት 2013 ዓ.ም. ይፋዊውን ምንዛሪ ወደ 375 እስኪያወርደው ድረስ ይህ ልዩነት እንዳለ ቆይቷል። አንባቢ እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት ያንሣ። 5,500 ፓውንድ ተብሎ የተለጠፈ ክፍል በይፋዊው ምንዛሪ በዶላር ክፈል የተባለ እንግዳ 100 ዶላር ይከፍላል። ዶላሩን በገበያ መንዝሮ በፓውንድ እንዲከፍል የተፈቀደለት ግን ከ16 ዶላር በታች ይከፍላል። ክፍሉ አንድ፣ ሌሊቱም አንድ ነው። በሰሌዳው ላይ የሰፈረው ቁጥር ፍጹም እውነት ሆኖ ሳለ የሚከፈለው ገንዘብ ከ6 እጥፍ በላይ ሊለያይ ይችላል። ስለሆነም የተደበቀ ክፍያ ማለት ሁልጊዜ በደረሰኝ ላይ የተጨመረ መሥመር ብቻ አይደለም።

ሒሳብ በየደረጃው መደረቡ ለዚህ መሥመር እንግዳ ነገር አይደለም። ባለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው ክፍለ ዘመን መተማ ከደጋው የሚወርደው ቡናና ሰም፣ ከቆላው ከሚወጣው ጥጥና ጨርቅ ጋር የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር። በዚያ የሰፈሩት ተክሩሮች በአንድ ወገን ለግብፅ ሹማምንት፣ በሌላ ወገን ለኢትዮጵያ ገዢዎች ግብር ይከፍሉ እንደነበር በታሪክ ተመዝግቧል። ከጎንደር የሚነሣ ሲራራ ነጋዴም በየኬላው እየቆመ ቀረጥ ይገብር ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1855 ለመንግሥቱ በላከው ሪፖርት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ቀረጥ በግዛታቸው ውስጥ በ3 ቦታ ብቻ እንዲሰበሰብ ማዘዛቸውን ጽፏል። የትእዛዙ ቁም ነገር በቁጥሩ ላይ ነው። ነጋዴን የሚያከስረው የቀረጡ መክበድ ብቻ አይደለም፤ ስንት ኬላ እንደሚጠብቀው ሳያውቅ መነሣቱ ጭምር ነው። በጦር ጉዞም ነገሩ ያው ነው። ርቀቱ ለታወቀ መንገድ፣ ረጅምም ቢሆን፣ ስንቅ ይመደብለታል፤ በካርታው ላይ ላልሰፈረ ወንዝ ግን ድልድይ የሚያዘጋጅ የለም።

አሁን ድልድዩን እንሻገር። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ በኩል ያለው ተደራቢ ሒሳብ መልኩ የተለየ ነው። ከፍ ባሉት ሆቴሎች የዋጋ ዝርዝር ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክቶች ተደርድረው ይታያሉ። አስተናጋጆቹ ፕላስ ፕላስ ይሉታል። የመጀመሪያው ምልክት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ሁለተኛው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማለት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ደምሮ 25 በመቶ ነው ይላል፤ ሒሳቡ ግን እንዲያ አይደለም። በተለመደው አሠራር ታክሱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተጨመረ በኋላ ነው። 1,000 ብር የተባለ ክፍል በአገልግሎት ክፍያ 1,100 ይሆናል። የ1,100 ብር 15 በመቶ 165 ብር ነው። ስለዚህ እንግዳው የሚከፍለው 1,265 ብር ነው ማለት ነው። አምስት ሌሊት ያደረ ሰው በሰሌዳው መሠረት 5,000 ብር ይዞ ቢመጣ 6,325 ብር ይጠየቃል። ልዩነቱ በተለጠፈው ዋጋ ከአንድ ሌሊት ኪራይ ይበልጣል፤ ያላደረበትን ስድስተኛ ሌሊት ከፈለ ማለት ነው።

ሁለቱ ምልክቶች ጎን ለጎን ስለተጻፉ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይደሉም። የተጨማሪ እሴት ታክስ የመንግሥት ነው። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 285 ተደንግጎ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰበሰበ ሲሆን፣ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ሲተካም 15 በመቶው አልተለወጠም። ሆቴሉ ታክሱን ሰብሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለም። የአገልግሎት ክፍያው ግን የቤቱ ልማድ እንጂ ታክስ አይደለም። እንግዳው ይህ ገንዘብ አልጋውን ላነጠፈችው ሠራተኛ ይደርሳል ብሎ ያስባል፤ መድረሱን የሚያረጋግጥበት መንገድ ግን በእጁ የለም። ደርሷል ብሎ ስላሰበም ለሠራተኛዋ ጉርሻ ሳይሰጣት ይወጣል። እንዲህ በሚሆንበት ቤት ተጎጂው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው።

በአነስተኛ ፔንሲዮኖች ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥማል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበ ድርጅት በዚህ ታክስ ስም ገንዘብ የመጠየቅ መብት የለውም። ሆኖም አንዳንዱ ቫት አለበት ብሎ ይጨምርና ደረሰኝ ሲጠየቅ ማሽኑ ተበላሽቷል ይላል። ማሽኑ የተበላሸ እንደሆነ ታክሱ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ በታች ያለው ጭማሪ ስሙ ብዙ ነው። መብራት ሲጠፋ ለሚነሣው ጄኔሬተር፣ በባልዲ ለሚቀርበው ሙቅ ውኃ፣ ለፎጣና ለሳሙና፣ መኪና በግቢ ለማሳደር፣ አንድ ሰው ብሎ ለተከራየ ሁለተኛ ሰው ሲጨመር፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ለሚከፈት በር። ከአውቶቡስ መናኸሪያ ሻንጣ ተቀብሎ እንግዳውን እስከ በር የሚያደርሰው ደላላ የሚከፈለው ኮሚሽንም በእንግዳው ዋጋ ላይ የሚገባበት ጊዜ አለ። እንግዳው ደላላውን በነፃ የረዳው ደግ ሰው አድርጎ አመስግኖ ይሸኘዋል።

ለሆቴል ባለቤቶችም ሚዛናዊ መሆን ይገባል። ናፍጣ በገንዘብ ይገዛል። ውኃ በቦቴ የሚመጣበት ከተማ አለ። ዋጋውን ሁሉን ጨምሮ 1,265 ብር ብሎ የለጠፈ ሐቀኛ ሰው፣ 1,000 ብር ብሎ ከለጠፈው ጎረቤቱ ፊት ውድ መስሎ ይታያል፤ መንገደኛውም ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። እንግዲህ የሁሉም ሰሌዳ በአንድነት ካልተስተካከለ ብቻውን ያስተካከለ ሰው ይከስራል። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ክፍያው ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዳው እምቢ ሊለው ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። ልብሱን ለማሳጠብ፣ ቁርስ ለመብላት፣ መኪና ለማሳደር የማይፈልግ ሰው አልፈልግም ሊል ስለሚችል እነዚህ ለብቻ ቢጻፉ ነውር የለበትም። እምቢ የማይባለው ግን፣ የፈለገው ስም ቢሰጠው፣ የክፍሉ ዋጋ ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ አዝዟል፤ የተለጠፈውም ዋጋ ታክስንና ሌሎች ሕጋዊ ክፍያዎችን እንዳካተተ ይቆጠራል ሲል ደንግጓል። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ሲታይ ሁለቱ የመደመር ምልክቶች ከሰሌዳው ላይ ቦታ አልነበራቸውም።

ነገሩ የድሃ አገር ችግር ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ወደ ሩቅ አገር እንመልከት። የቁማር ከተማ በሆነችው በላስ ቬጋስ ሆቴሎች የመዝናኛ ክፍያ በሚል ስም በየሌሊቱ ገንዘብ ይደርባሉ፤ እንግዳው መዋኛውን ባያየውም ይከፍላል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ለ22 የሆቴል ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ግን ልማዱን አላስቀረውም። በመጨረሻም ከግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ማደሪያ የሚያከራይ ሁሉ ግዴታ የሆኑትን ክፍያዎች ጨምሮ ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳይ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። ደንቡ ክፍያውን አልከለከለም፤ መደበቁን ነው የከለከለው። እንግሊዝም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ግድም ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች።

መደበቁ ለምን ያን ያህል ትርፍ እንደሚያስገኝ በተግባር የታየበት ጊዜም አለ። ስተብሐብ የተባለው የአሜሪካ ትኬት ሻጭ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ደንበኞቹን ከሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ጭማሪውን ከመነሻው አሳየ፤ ለቀሩት ግን ሊከፍሉ ሲሉ ብቻ ገለጸላቸው። ጭማሪው በመጨረሻ የተነገራቸው ከሌሎቹ ይልቅ 20 በመቶ ያህል የበለጠ ገንዘብ አወጡ። ሰው አንዴ ልቡን ካሳረፈ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል። ትኬት ለመግዛት ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ጋደም ያለ መንገደኛ እንዴት ይሆን?

ይህ ሁሉ በሰላም ጊዜ የሚታይ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የገዳሪፍ መንገድ በአንድ ጊዜ የሸሽተኞች መንገድ ሆነ። ከፊሉ በገላባት ተሻግሮ መተማ ገባ፤ ከፊሉ በዚያው በገዳሪፍ ቀረ። በ2016 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወድ መደኒ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ ወደ ሲንጃ ሲዛመት ሌላ ሕዝብ ተጨመረ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ የቤት ኪራይም ናረ። በዚህ ሕዝብ ውስጥ በካርቱም ብዙ ዓመት የኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩበት። እንዲህ ያለው ሰው የያዘው ገንዘብ ሁሉ የያዘው ብቻ ነው፤ ነገ የሚቀበለው ደመወዝ የለውም። በስንት ሌሊት እንደሚከፋፍለው ያሰላው በተነገረው ዋጋ ነው። ሌሊቱ ካለፈ በኋላ የሚደረብበት እያንዳንዱ ፓውንድ ወይም ብር ከልጆቹ እንጀራ የሚቀነስ ነው።

ከመተማ ቆላ ታማሚ ይዞ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚወጣ አስታማሚም ከዚህ ብዙ አይለይም። ታማሚው ይተኛል፤ አስታማሚው በአካባቢው አልጋ ይይዛል። ስንት ቀን እንደሚቆይ ሐኪሙም አይነግረውም። በቀን የምትጨመር ትንሽ ገንዘብ በሁለተኛው ሳምንት የመድኃኒት ገንዘብ ትሆናለች።

ለሥራ የሚንቀሳቀሰው ወታደርና የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ውሎ አበሉ የተወሰነ ነው። ሒሳብ ሹም የሚቀበለው በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የታተመውን ደረሰኝ እንጂ በእጅ ወረቀት የተጻፈ የጄኔሬተር ሒሳብ አይደለም። ስለዚህ ደረሰኝ የሌለው ጭማሪ ሁሉ ከራሱ ኪስ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሰው መታወቂያውን ከማስረከቡ በፊት በደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ጠቅላላ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ መታወቂያው መዝገብ ላይ ከሰፈረና ቁልፉ ከተሰጠው በኋላ የመከራከሪያ ጊዜው አልፏል። የተነገረው ዋጋ ጠዋት ተለውጦ ከተገኘ ደረሰኙን ይዞ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ይቻላል። ባለ ጉዳዩ በነጋታው ሌላ ከተማ ስለሚሆን ይህን የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው። አከራዩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ የከተማው ነዋሪ ራሱ፣ ባያድርበትም፣ በመንገዱ ላይ ያየውን ሰሌዳ ቢጠቁም ከመንገደኛው አቤቱታ የበለጠ ይሰማል።

በገዳሪፍ ገበያ የሚመላለስ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው የዐረብኛ ቃል ቢካም የሚለው ነው፤ ስንት ነው ማለት ነው። በዚያ መንገድ የቆዩ ሾፌሮች ግን ማደሪያ ሲጠይቁ ከፊቱ አንድ ቃል ይጨምሩበታል። ኩሉ ቢካም ይላሉ፤ ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው እንደ ማለት። መልሱ እስኪመጣም ድረስ ሻንጣቸውን ከመኪናው አያወርዱም።